አንድ ሜትር ከአንድ ሜትር እኩል አይደለም

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማሽኑ አንድ ሜትር ከአንድ ሜትር እኩል አይደለም አለ።

ቀይ መብራቱ በራ። ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር ወጣ። «የታዘዘው፦ 1.00። የተቆረጠው፦ 1.00። ውጤት፦ እኩል አይደለም።»

አባ ሚሊ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ጽሑፉ አልተለወጠም።

«አንተ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ። የሚያስፈራው ቀስ ብሎ ሲናገር ነው። «እስቲ ይህን አንብብልኝ።»

ፕሮግራመሩ አነበበ።

«ይኸኛው ስንት ነው?»

«አንድ ነው ጋሼ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም አንድ ነው።»

«ታዲያ ማሽንህ የትኛውን ነው የጠላው?»

ዕቃ አሻጊው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሌሎቻችን ወደ መሬት አየን።

አባ ሚሊ የመስታወት ቤቱ ባለቤት ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ሠራተኞቹ ነን፤ ሚሊሜትር ከአፉ አይጠፋም። እኔ ጠርዝ ሞራጅ ነኝ። አብረን ስላደግን አንተ እለዋለሁ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ጋሼ ይለዋል። በአርባ ዓመት ውስጥ «ደህና ነው» ወይም «ይበቃል» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ልክ ነው፣ ወይም ልክ አይደለም። ሌላ ቃል የለውም።

ፕሮግራመሩን «ሶፍትዌሩ» እንለዋለን። ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። የእትዬ ልጅ ነው፤ እትዬ ደግሞ የዚህን ቤት ወለል ሃያ ዓመት የጠረገች ሴት ናት። ስብርባሪ እየጠረገች አስተማረችው። ተመርቆ ወደዚሁ ቤት ማሽን ሊያስተካክል ሲመጣ ሰው ፊት እንዳይደፈር ብላ «እርስዎ» ትለው ጀመር። እሱ በሰማ ቁጥር ጆሮው ይቀላል።

ሥራው ይህ ነው። ትልቅ መስታወት ይቆረጣል። ቁራጮቹ በጠረጴዛው ላይ ሲያልፉ ማሽኑ የእያንዳንዱን ስፋት ያነባል፤ ፕሮግራሙ ይደምራል፤ ድምሩን ከትእዛዙ ጋር ያወዳድራል። እኩል ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ። በዚያ ጠዋት ያለፉት አሥር ሴንቲ አሥር ሴንቲ የሆኑ አሥር ቁራጮች ነበሩ። አባ ሚሊ በብረት ማስመሪያው አንድ በአንድ ለካቸው። እንከን አልነበራቸውም።

«ሐሙስ ስድስት ሰዓት መኪናው ይመጣል» አለ። «የዳንስ ትምህርት ቤቱ ስልሳ መስታወት። አረንጓዴ ያልበራለት አንድም መስታወት ከዚህ በር እንደማይወጣ ቃል ሰጥቻለሁ። እስከዚያ ካልተስተካከለ ማሽንህን በትከሻህ ይዘህ ትሄዳለህ። በሩን እናትህ ትከፍትልሃለች።»

እትዬ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆመች።

ልጁ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ አፉም ተዘጋ።

ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ትልልቅ መስታወቶች ተደግፈው ነበር። በግራ በኩል የትእዛዝ መዝጋቢዋ ትቀመጣለች፤ የአባ ሚሊ ልጅ ናት፤ አባቷ ሚጡ ይላታል፣ እኛም ተከትለን ሚጡ እንላታለን። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ልጁ በቀኝ በኩል ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል። በቀጥታ አይተያዩም። ሚጡ መዝገቡ ላይ አቀርቅራ ዓይኗን ወደ አራተኛው መስታወት ትልካለች፤ አራተኛው ለሰባተኛው ያቀብላል፤ ልጁ ከሰባተኛው ይቀበላል። ማንም ያላየን ይመስላቸዋል። አሥራ አንድ መስታወት ባለበት ክፍል ውስጥ አንድ ጥቅሻ ሃያ ሰው ጋ ይደርሳል። አሻጊው ሳይቀር ሁለት ጊዜ ደርሶት በስህተት ፈገግ ብሏል።

ያላየው አባ ሚሊ ብቻ ነው። አባ ሚሊ መስታወት የሚያየው ጭረት ፍለጋ ነው፤ ውስጡ ያለውን ሰው አያይም።

ያን ጊዜ የልጁን ፊት አየሁት። የማያውቅ ሰው ፊት አልነበረም። እያወቀ ያጠፋ ሰው ፊት ነበር፤ እፍረቱ አንገቱ ድረስ ወርዷል።

* * *

ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አልኩት።

«አባባ፣ አንድ መስታወት ይያዙ እንበል። ለሁለት እኩል እየከፈሉ ብቻ ይቁረጡ። ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ የዚያም ግማሽ እያሉ ይውረዱ። ከዚያ ከቁራጮቹ ገጣጥመው አንድ አሥረኛ ያምጡልኝ።»

እርሳሴን አውጥቼ በካርቶን ላይ ሞከርኩ። አንድ አሥራ ስድስተኛ ላይ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ጨመርኩ፤ ጎደለ። ቀጠን ያለ ጨመርኩ፤ አሁንም ጎደለ። ሌላ ስንጥር ጨመርኩ፤ ተረፈ። ካርቶኑ አለቀ።

«አይመጣም» አልኩት።

«ኮምፒውተሩም አይመጣለትም። የሚቆጥረው ለሁለት እየከፈለ ነው። አንድ አሥረኛን ሲይዝ በዓይን የማትታይ ስንጥር ትጎድልበታለች ወይም ትተርፈዋለች። አሥሩን ሲደምራቸው አንድ አይሞላለትም። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ እያለ አሥራ ስድስት ጊዜ ዘጠኝ ይላል። ስክሪኑ አጠጋግቶ አንድ ብሎ ይጽፈዋል፤ ሲያወዳድር ግን ያችን ስንጥር ያያታል።»

«ይህን ሳታውቅ ነው የሠራኸው?»

ጫማውን አየ። «የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው አባባ። ሁለት የነጥብ ቁጥሮች እኩል ናቸው ወይ ተብሎ አይጠየቅም። የሚለያዩበት የሚታለፍ ነው ወይ ተብሎ ነው የሚጠየቀው።»

«ታዲያ?»

«የሚታለፈው ስንት ነው ብዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው። ዜሮ አሉ። ጠረጴዛውን መቱ።»

«አንተስ?»

«እሺ አልኩ።»

ለምን እሺ እንዳለ አልጠየቅኩትም። መልሱን በሰባተኛው መስታወት ውስጥ አየሁት፤ ሚጡ መዝገብ እየገለበጠች ነበር።

ነገራቸው እንዴት እንደጀመረ ሁላችንም እናውቃለን። ሶፍትዌሩ ኮድ ሲጽፍ ከየመስመሩ ጎን በአማርኛ ማስታወሻ ያስቀምጣል፤ ኋላ የሚያነበው ሰው እንዳይቸገር። ሚጡ ደግሞ በየሳምንቱ ኮዱን በፕሪንተር አውጥታ ፋይል ታደርጋለች። ፋይል ማድረግ እንጂ ማንበብ ሥራዋ አልነበረም። አንድ ቀን «እዚህ ላይ ሠራተኛው ቢሳሳት አትቆጡት፤ ቁልፎቹ በጣም ተቀራርበዋል» የሚል አገኘች። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ታነብ ጀመር።

ቀጥላ በእርሳስ ጠየቀችው። «ይህ መስመር ምን ይሠራል?»

በሳምንቱ መልሱ ታትሞ ወጣ። «ምንም አይሠራም። ካጠፋሁት ግን ሌላው ሁሉ ይበላሻል። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።»

እሷም ከሥሩ ጻፈች። «እኛም ቤት እንዲህ ዓይነት አጎት አለን።»

እንዲህ እያሉ ሦስት ወር ሞላቸው። ሌላው ሰው በአበባ የሚያደርገውን እነሱ በኮድ አደረጉት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሚጡ አዲሱን ወረቀት አወጣች። ቆማ አነበበች። ከዚያ እኔ ከምሞርድበት ማሽን ጀርባ፣ ካርቶኖቹ ወደተከመሩበት ጠራችው። የእኔን ጆሮ ማሽኑ ያደነቆረው መስሏቸዋል።

«ይህን መስመር አንብብልኝ» አለችው፤ ልክ እንደ አባቷ።

እሱ አላነበበም። እሷ አነበበችለት።

«'ይህ ስህተት እንደሆነ አውቃለሁ። ዜሮ ያደረግኩት አባቷ ደስ እንዲላቸው ነው።'»

«ለእኛ ብዬ ነው ሚጡ።»

«ለእኛ ብለህ ዋሸህ።»

«አልዋሸሁም። እሺ ነው ያልኩት።»

«እሺ ያልከው እኮ ነው ውሸቱ! ነገ ደግሞ እኔን ደስ እንዲለኝ ምን ልትለኝ ነው?» ትንሽ አሰበች። ፊቷ ተለወጠ። «ባለፈው ሳምንት ስዘፍን ድምፅሽ ያምራል ብለኸኛል።»

ልጁ የካርቶኑን ጠርዝ ይቧጥጥ ጀመር።

«ያምራል?»

«ድምፅሽ... ጥሩ ነው።»

«ወይኔ ጉዴ!»

«ሚጡ፣ ሌላው ያልኩሽ ሁሉ...»

«ሌላው ያልከኝን አሁን በምን ልመዝነው? የቱ እውነት ነው፣ የቱ ነው ደስ እንዲለኝ የተባለው?» ድምፅዋ ቀነሰ። «አባቴን እንድትጣላልኝ አልፈለግኩም። እዚህ ቤት ሁሉም ሰው እሺ ሲለው ነው የኖረው። እናቴ እሺ አለችው፣ እኔ እሺ አልኩት፣ ሠራተኞቹ እሺ አሉት። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ይነግረዋል ብዬ ነበር።»

እርሳሷን ከፀጉሯ ውስጥ መዝዛ ኪሷ ከተተችው። ያን ዕለት ከሰዓት አራተኛው መስታወት ውስጥ ማንም አልነበረም። ልጁ ግን ሥራ እስኪያልቅ ድረስ እሱኑ ሲያይ ዋለ።

* * *

ረቡዕ ልጁ፣ አባ ሚሊ ከኋላው እንደቆመ፣ ፕሮግራሙን አስተካከለው። ከኋላው ሰው የቆመበት እጅ አብዝቶ ይሰፍራል። ልጁ ቀይ መብራት ፈርቶ የሚታለፈውን ልዩነት አምስት ሚሊ አደረገው፤ ለሁሉም ዕቃ፣ ለትልቁም ለትንሹም። ለአባ ሚሊ ግን አልነገረውም።

ጠዋት መልካም ነበር። አሥሩ ቁራጮች አለፉ፤ አረንጓዴ። ሌሎች አለፉ፤ አረንጓዴ። አባ ሚሊ «እህ» አለ። ከሱ ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ የጠርዝ ማስጌጫዎቹ ተራ መጣ። እነዚህ ስፋታቸው አራት ሚሊ የሆኑ ቀጫጭን መስታወቶች ናቸው። ትእዛዙን ሚጡ አስገባች። እኔ የመጀመሪያውን ላነሳ ጎንበስ ስል አረንጓዴው በራ።

«ምን አስቀመጥክ?» አለኝ አባ ሚሊ።

«ምንም።»

«ጠረጴዛው ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም አልኩህ እኮ።»

ሁላችንም ወደ ስክሪኑ ዞርን። «የታዘዘው፦ 0.00። የተቆረጠው፦ 0.00። ውጤት፦ እኩል ነው።» ስክሪኑ በሜትር አጠጋግቶ ስለሚጽፍ የታዘዘው አራት ሚሊም ዜሮ ሆኗል።

አሻጊው ካርቶን ይዞ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ባዶውን አሽጌ ልላከው? መንገድ ላይ አይሰበርም።»

«ትናንት» አለ አባ ሚሊ፣ እንደገና ቀስ ብሎ፣ «ያለውን የለም አለ። ዛሬ የሌለውን አለ ብሏል። ነገ እኔን ራሴን የለህም ሊለኝ ነው?»

«አምስት ሚሊ ለአንድ ሜትር ምንም አይደለም ጋሼ» አለ ልጁ። ላቡ በአገጩ ይወርዳል። «ለአራት ሚሊ ግን ከራሱ ከዕቃው ይበልጣል። ልዩነቱ እንደ ዕቃው መጠን መሆን...»

«ልዩነት አልኩህ? ዜሮ አይደል ያልኩህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እሺ በላ!»

«እሺ ጋሼ።»

ከወዲያ በኩል መዝገብ ሲዘጋ ተሰማ። ሚጡ ተነሥታ ወጣች። አልሮጠችም፤ በሩን እንኳ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ልጁ ግን ጭንቅላቱን የመቱት ያህል ጎንበስ አለ።

ሰዉ ሲበታተን እትዬ ባልዲዋን ይዛ መጣች።

«ምሳ አልበሉም» አለችው።

«እማዬ፣ በእግዜር፣ አንተ በይኝ።»

ዙሪያዋን ቃኘች። ከእኔ በቀር ሰው የለም፤ እኔን ከዕቃው ትቆጥረኛለች። ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«አንተ» አለችው። «አባትህ ቁርጥ እንዳንተ ነበር። የፈራውን ሰው ሁሉ እሺ ይል ነበር። እኔንም ያገባኝ አግባኝ ስለው እሺ ብሎ ነው።»

ልጁ ቀና አለ። «ይወድሽ አልነበር?»

«ጠይቄው አላውቅም።»

«ለምን?»

«እሺ እንዳይለኝ ፈርቼ ነዋ።»

ሳቅ ብላ ነው የተናገረችው። ከዚያ ግን ለረጅም ጊዜ እጇን እያየች ተቀመጠች። እሱም አያት። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ፊት ነበር፤ እንዲህ ብቸኛ ሆኖ አይቶት ግን አያውቅም።

* * *

ሐሙስ ጠዋት አባ ሚሊ ኮዱን ራሱ ሊመረምር ፋይሉን አምጡልኝ አለ። መሃል ክፍሉ ላይ ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠ። ኮድ አያውቅም። ጣቱን ከመስመር ወደ መስመር እያሳለፈ ያነበበው የሚያነበውን ብቻ ነው፤ አማርኛውን።

ሚጡ ፋይሉ ከመደርደሪያው ሲወርድ አይታ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይህ የእርሳስ ጽሑፍ የማን ነው?» አለ አባ ሚሊ። መልስ አልጠበቀም፤ የሴት ልጁን የእጅ ጽሑፍ ያውቃል። ገለበጠ። «'እኛም ቤት እንዲህ ዓይነት አጎት አለን።'» ቆመ። «የትኛው አጎት?»

አሻጊው ጣሪያውን አየ።

«ወንድሜ ነው?»

«የእማዬ ወንድም ነው» አለች ሚጡ በቀጭን ድምፅ።

«እሱስ እውነት ነው» አለና ገለበጠ።

ሦስት ገጽ ሄደ። ጣቱ አንድ ቦታ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበው።

«'ይህ ስህተት እንደሆነ አውቃለሁ። ዜሮ ያደረግኩት አባቷ ደስ እንዲላቸው ነው።'» ቀና አለ። «የማን አባት?»

አሻጊው የያዘውን ገመድ ለቀቀ። መሞረጃዬን አጠፋሁ። አባ ሚሊ ዙሪያውን አየ፤ ያየውም ወደ ግድግዳው ነው። አሥራ አንዱም መስታወት ውስጥ ሚጡ ነበረች፤ አሥራ አንዱም ውስጥ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ መስታወት ውስጥ ሰው አየ።

ልጁ ተነሣ። መዋሸት ይችል ነበር። የሌላ ሰው አባት ነው ቢል፣ የድሮ ጽሑፍ ነው ቢል፣ ግማሾቻችን እንመሰክርለት ነበር።

«የሚጡ አባት» አለ። «እርስዎ ነዎት ጋሼ። ዜሮ ብለው ያዘዙኝ ስህተት ነበር። ያኔውኑ ስህተት ነው ማለት ነበረብኝ። ልጅዎን እወዳታለሁ፤ ስለምወዳት እርስዎን ፈራሁ፤ ስለፈራሁ እሺ አልኩ። ትናንትም አልኩ። አሁን ግን አልልም።»

«አትልም?»

«አልልም።»

«ውጣ።»

«አልወጣም» አለ። ድምፁ መሃል ላይ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ተሰበረ። «መኪናው ስድስት ሰዓት ይመጣል። አስተካክዬ ነው የምወጣው። ለዚያ ከእርስዎ አንድ ቁጥር እፈልጋለሁ። ልክ ነው የሚሉት እስከ ስንት ድረስ ነው?»

«ዜሮ!»

«አይደለም ጋሼ።»

አባ ሚሊ ከወንበሩ ተነሣ። እትዬ መጥረጊያዋን ደረቷ ላይ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

ያን ጊዜ ሚጡ ከጠረጴዛዋ ወጥታ መጣች። መጥታ ከልጁ አጠገብ ሳይሆን ከአባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ የመስኮት መስታወት ስትቆርጥ ከፍሬሙ ስንት ታጎድላለህ?»

«ይህ ሌላ ነገር ነው።»

«ስንት?»

«እንደ መስኮቱ ነዋ! ለትንሿ ሁለት ሚሊ፣ ለትልቁ አምስት። የሱቅ መስኮት ከሆነ ስምንትም ይደርሳል።»

«ለምን አንዱን ቁጥር ለሁሉም አታደርገውም?»

«ሁለቱን ለሱቅ መስኮት ባደርገው ያጣብቀዋል። ስምንቱን ለትንሿ ባደርገው መስታወቷ ወልቃ ትወድቃለች። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ምንም ባታጎድልስ? ልክ በልኩ፣ ዜሮ?»

«ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃላ! ይህን የማያውቅ መስታወት ቆራጭ የት አለ?»

ተናግሮ ጨረሰ። የተናገረው ግን ገና ጆሮው ጋ እየደረሰ ነበር። ፊቱ ላይ ሲደርስ አየሁት። መጀመሪያ ቅንድቡ ቆመ፤ ቀጥሎ እጁ ወደ መነጽሩ ሄዶ መሃል መንገድ ቀረ።

ዝም ማለት አቃተኝ። «አርባ ዓመት የማልክበት ዜሮ እንግዲህ የት ሄደ?» አልኩት።

«አንተ ሞርድ» አለኝ።

ወንበሩን እየጎተተ ወደ ስክሪኑ ወሰደው። ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ። «ጻፍ» አለው። «ለአንድ ሜትር ግማሽ ሚሊ። ለሁለት ሜትር አንድ። እንደ ርዝመቱ እያደገ ይሂድ።»

«በጣም ለቀጫጭኖቹስ ጋሼ? በዚህ ስሌት ለአራት ሚሊ የሚታለፈው ምንም አይቀርም።»

አባ ሚሊ አሰበ። አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር አሻሸ፤ መስታወት እንደሚዳስስ ሰው። «ከሩብ ሚሊ በታች አትውረድ። ከዚያ በታች ያለውን እኔም አላየውም።»

ይህን ሲል ዓይኑን አላነሳም። ግን አለው።

ልጁ ጻፈ። አሥሩ ቁራጮች አለፉ፤ አረንጓዴ። የአራት ሚሊው ትእዛዝ በባዶ ጠረጴዛ ተሞከረ፤ ቀይ። አሻጊው «ደህና ሁን ባዶ» አለው። አባ ሚሊ ግን አላመነም። አንድ ቁራጭ ከኋላው ደብቆ አመጣልኝና «ሁለት ሚሊ ቀንስልኝ፣ እንዳያውቅ» አለኝ። ሞረድኩለት። አሳለፈው። ቀይ በራ። ጭኑን በጥፊ መታ፤ ማሽኑ ስላልተታለለለት እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

ስልሳው መስታወት ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው አለቀ። መኪናው ጭኖ ሄደ።

ልጁ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ። ተናግሯልና፤ አስተካክዬ እወጣለሁ ብሏል።

«አንተ ልጅ» አለ አባ ሚሊ።

ቆመ።

«የልጄ እኩያ ነህ?»

አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገው፤ ማንኛችንም ብንሆን እንላት ነበር።

«አይደለሁም» አለ።

«ምን?»

«ቤታችሁ ከቤታችን ይሰፋል። እሷ እንኳን እኔን እርስዎንም ትበልጣለች። እናቴ የእርስዎን ወለል ትጠርጋለች፤ ጠርጋ ነው ያሳደገችኝ፣ አላፍርበትም። እኩል ነኝ ብል እየዋሸሁ ነው።» የቦርሳውን ማንገቻ ጨበጠ። «ልዩነቱ ለእኔ የሚታለፍ ነው። ለእርስዎ የሚታለፈው እስከ ስንት እንደሆነ ግን እኔ ልወስንልዎ አልችልም።»

አባ ሚሊ ረጅም ጊዜ አየው። አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ ጭረት ፍለጋ ነበር። ከጫማው ጀምሮ እስከ ፀጉሩ ወጣ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረ።

«እትዬ፣ ልጅሽ አናዶኛል።»

«ይቅር ይበሉት ጋሼ። እሺ እንዲል አድርጌ ነበር ያሳደግኩት። ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ።»

«ዛሬ የነካው አይልቀቀው» አለ አባ ሚሊ። መነጽሩን ኪሱ ከተተ። «እሁድ ከሰዓት ሁለታችሁም ቤቴ ኑ። ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

ሚጡ አፏን በእጇ ያዘች።

«እንነጋገራለን ነው ያልኩት!» ብሎ ጮኸባት። «እሺ አላልኩም!»

ወጣ። በሩን ወርውሮ ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ከፈተው፤ ምን ሊል እንደነበር ጠፋበት፤ ዘጋው።

እትዬ ባልዲዋን አንሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። አሻጊው ገመዱን ሊፈልግ ሄደ። እኔ የምሄድበት ስላልነበረኝ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ሚጡ ወደ ልጁ ስትራመድ ሰማሁ።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችው።

«አዎ።»

«አሁን ነው የምትፈራው? ሁሉም ካለቀ በኋላ?»

«ቅድም ጊዜ አልነበረኝም።»

ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ጋር እንባዋም መጣ። እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። መንቀጥቀጡ እስኪቆም ድረስ ልትይዘው ነበር። አልቆመም። የሷም ጀመረ።